ጦጢት ያሳደገችው ተክል

ተረት ተረት፣ የጓሮ አትክልት!

ከዕለታት አንድ ቀን ብልጥ ነኝ ባይዋ ጦጢት ጓሮዋ ውስጥ የቲማቲም ዘር ዘራች። ቲማቲም በልታ ታውቃለች እንጂ ሲበቅል አይታ አታውቅም። ግን ማንን ትጠይቅ? ጦጣ ናታ!

ዝናብ ሲጥል መደቡ ላይ ሁለት ዓይነት ቡቃያ ወጣ። አንዱ ወፍራም፣ ቅጠለ ሰፊ፣ ባለ ግርማ ሞገስ። ሌላው ቀጫጫ፣ ጸጉራም፣ ሲነኩት የሚሸት።

"መቼም የእኔ ዘር እንዲህ አይከሳም!" አለችና ቀጫጮቹን እየነቀለች በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤቷ ወደ ከርከሮ ቆሻሻ መጣያ ወረወረች። ወፍራሙን ግን ፍግ እያለበሰች፣ ውሃ እያጠጣች፣ እንጨት ተክላ እየደገፈች ከቁመቷ በላይ አሳደገችው።

ክረምቱ ሲወጣ ሰነፉ ከርከሮ ቀይ ቲማቲም በቅርጫት ሞልቶ መጣ።

"ጎረቤቴ፣ እኔ እንኳ እጄን አላነሳሁም። አንቺ የወረወርሽው ነው ቆሻሻዬ ላይ ሥር ሰዶ ያፈራው። እግዜር ይስጥልኝ!"

ጦጢት አንዱን ገመጠችና ዞር ብላ ተክሏን አየችው። ተንሰራፍቶ እሾህ አውጥቷል።

"ምንም አይደል" አለች ሳቋ እያመለጣት፤ "ብቻ አረም ማሳደግ ያቃተው ካለ ወደ እኔ ላክልኝ።"

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቲማቲም አብሱ።