በሞቴ የተባሉት ዓሣዎች

ድሬዳዋ ውስጥ እንግዳ ጉርሻ በዝቶበት ዓይኑ ሲፈጥ ካያችሁ፣ ከተቀመጡት አንዱ ስለ ዓሣ ተርቶ ያስጥለዋል። ያቺ ተረት ዝም ብላ ከአፍ አልወደቀችም፤ እናት አልቅሳባታለች።

እትዬ ዘርትሁን ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ናሆም ስምንት ዓመት በመርከብ ሠርቶ ሲመጣ፣ ሳሎናቸው ውስጥ አልጋ የሚያህል የመስታወት ሣጥን ገተረ። ውሃ በባሕር ጨው በጥብጦ ሞላበትና ከቀይ ባሕር ያመጣውን ድንጋይ፣ ጣት ጣት የሚያወጣ ኮራል የሚሉትን የባሕር ፍጥረትና ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች ጨመረበት።

«እማዬ፣ ውሃው ገና ጥሬ ነው» አላቸው። «የዓሣውን ኩስ የሚያጸዱ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እነሱ ድንጋዩ ላይ እስኪባዙ ድረስ በቀን አንዲት ቁንጥር ምግብ ብቻ ስጫቸው። ትርፉ ይበሰብስና መርዝ ይሆናል።»

«አንዲት ቁንጥር? እስረኛም እንዲህ አይቀለብም!»

«ለፋሲካ ስመጣ በሕይወት ካገኘኋቸው እዚሁ ዓሣ እያረባሁ አንቺ ዘንድ እቀራለሁ። ካለቁ ግን ባሕሩ ድሬ አልመጣም ማለት ነው፤ እኔው እሄድለታለሁ።»

ናሆም ወደ መርከቡ ሄደ። «ካለቁ» የምትለዋ ቃል ግን እትዬ ዘርትሁን ጆሮ ውስጥ ቀረች። ዓሣዎቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ እሳቸው ልመና መሰላቸው። ዓሣ ሲተነፍስ እንዲያ እንደሚያደርግ ማን ይንገራቸው? አንዷ ቁንጥር ሦስት ሆነች፤ ሦስቷ እፍኝ።

የሰፈሩም ሰው ባሕር ሊያይ ጎረፈ። ባዶ እጁን የመጣ የለም።

«በሞቴ!» ይላል አንዱ፣ ፍርፋሪ ጣል እያደረገ።

«እኔስ ምን በደልኩ? የኔንም በሞቴ!» ትላለች ሌላዋ፣ የእንቁላል አስኳል እየፈረፈረች። ሰዉ ሁዳዴ ይጾማል፣ ዓሣዎቹ ይገድፋሉ!

በወጣትነታቸው ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕር ላይ ዓሣ ያጠመዱት ጎረቤት፣ ሼህ ሐመዱ፣ ይህን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዘርትሁን፣ ባሕር ውስጥ ማን በሞቴ ይላቸዋል? ተያቸው።»

«ውይ ሼህ፣ ምን ነካዎት? በዓሣም ይሰሰታል?»

በአሥረኛው ቀን ውሃው አጓት መሰለ። ከመወፈሩ የተነሳ የጎረቤት ድመት ወድቃበት እግሯ ሳይርስ ተራምዳ ወጣች ይባላል። ዓሣዎቹ ላይኛው ውሃ ላይ ተንጋለው ያጣጥሩ ጀመር። እትዬ ዘርትሁን ደነገጡ፤ የሚያውቁት መድኃኒት ደግሞ ጽዳት ነው። ዓሣዎቹን በባልዲ አውጥተው ውሃውን ደፉ። ድንጋዩን እንደ ጠቆረ ድስት በበረኪና ፈተጉት፤ አብለጨለጨ። በአዲስ የጨው ውሃ ሞልተው መለሷቸው። ምን ያደርጋል! ያ ኩስ የሚያጸዳው የማይታይ ሠራዊት በበረኪናው አልቋል። አንዱ ዓሣ ሰኞ ሞተ፤ ሁለተኛው ሐሙስ ተከተለው። ኮራሉም እንደ አጥንት ነጣ።

ናሆም በቅዳም ሹር ደረሰ። ባዶውን ሣጥን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

«ስንት ስንት ትሰጫቸው ነበር፣ እማዬ?»

«ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ አላስራብኳቸውም!»

ጉልበታቸውን ሳመ። የፋሲካን ዕለት አብሯቸው ዋለና በማግስቱ፣ ያልፈታውን ሻንጣ አንስቶ ወደ መርከቡ ተመለሰ።

ጎረቤቱ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተሰብስቦ መጣ። እትዬ ዘርትሁን ጓሮ፣ ዓሣዎቹን የቀበሩባት ፓፓያ ሥር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። «ዓይን ነው የበላቸው» አለ አንዱ፤ «የለም፣ ሟርት ነው» አለች ሌላዋ። ሼህ ሐመዱ ብቻ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ አፈሩ አዩና፣ ቀስ ብለው «ባሕር ያስራበው ኖረ፣ ሰው ያጎረሰው ተቀበረ» አሉ።