ጳጉሜን የዘለለው ዟሪ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የደከመው ይቀመጥ። እኔም ተቀምጬ ነው የማወራው።

እማማ ትርንጎ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። የአንድ ዓይናቸው ብርሃን ጠፍቷል፣ ሁለተኛውንም ሞራ እየሸፈነው ነው። የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው በአንድ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ሰፍረዋል፤ ነገ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፣ መቼ እንደሚመለሱም የሚያውቅ የለም። እማማ የሚፈልጉት አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ግድግዳው ላይ ያለው መጥሪያ «ትርንጎ» ብሎ እንዲጠራቸው። ባለፈው ጊዜ ዘመድ ያለው ሁሉ በጓሮ በር እየገባ ስላስቸገረ፣ ዘንድሮ መጥሪያው ያልጠራው ሰው ወደ ሐኪሞቹ አይገባም ተብሏል።

መጥሪያው ሲጠራ ሰነበተ። ከእማማ በፊት በነሐሴ የተመዘገቡትን ጠራ። ከእማማ በኋላ በመስከረም የተመዘገቡትንም ጠራ። እማማ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ሠራተኛ ምንትዋብ ትባላለች። ፕሮግራም የምትጽፈው እሷ፣ ተነቀለ የተባለውን ገመድ የምትሰካው እሷ፣ «ኢንተርኔት ሞተ» ሲባል የምትወቀሰውም እሷ ናት። በዚያ ቀን ወገቧም ትዕግሥቷም አልቆ ነበር። ወደ ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች እማማ በኮቴዋ አወቋት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ስሜን ጠልቶት ነው?»

«አይ እማማ፣ እሱ እንኳን ሰው ሊጠላ፣ የሰጡትን ከማንበብ ሌላ ምን ያውቃል?» አለችና ቦርሳዋን አስቀመጠች። ባታስቀምጠው በወደደች!

ወደ መጥሪያው ዞረች። «አንተ መጥሪያ፣ እማማ ትርንጎን ጥራልኝ።»

«አልጠራም» አለ መጥሪያው። «ዟሪው ያላመጣልኝን ስም ከየት አባቴ ላምጣ?»

ዟሪ የሚባለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ አጭር ፕሮግራም ነው፤ ሥራው መዞር ነው። ስሞቹ የተቀመጡት በሣጥን ውስጥ ሣጥን፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ሣጥን ሆነው ነው። ዓመቱ ሲከፈት ወሮች አሉ፣ ወሩ ሲከፈት ቀኖች አሉ፣ ቀኑ ሲከፈት ስሞች አሉ። እያንዳንዱ ሣጥን የራሱ ቁልፍ አለው። ዟሪው ይከፍታል፣ ይገባል፣ ያገኘውን ይዞ ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ምንትዋብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጠየቀችው።

«አንተ ዟሪ፣ የእማማን ስም አምጣ። አንተ ካላመጣህ መጥሪያው አይጠራም፣ መጥሪያው ካልጠራ እማማ አይገቡም።»

«አላመጣም» አለ ዟሪው። «መስከረም ብዬ ገባሁ፣ ጥቅምት ብዬ ገባሁ፣ እንዲህ እያልኩ እስከ ነሐሴ ዞርኩ። ትእዛዙ ካላስገባኝ ሣጥን ምን አግብቶኝ?»

ምንትዋብ ተነፈሰች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ወደ ትእዛዙ ሄደች። ትእዛዝ ማለት ዟሪውን የሚነዳው መስመር ነው።

«አንተ ትእዛዝ፣ ዟሪውን አስገባው። አንተ ካላስገባህ ዟሪው አያመጣም፣ ዟሪው ካላመጣ መጥሪያው አይጠራም፣ መጥሪያው ካልጠራ እማማ አይገቡም።»

«አላስገባም» አለ ትእዛዙ። «እኔ ላይ የተጻፈው ‹ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጠር› ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ቀይሪኝ ካልሽ አለቃሽ ይፈርሙ።»

ምንትዋብ ወደ እማማ ዞረች። «እማማ፣ የተመዘገቡት በየትኛው ወር ነው?»

«በጳጉሜ፣ በሩፋኤል ዕለት። ዝናቡ ጠበል ነው ብዬ እየረጠብኩ ነው የመጣሁት።»

አሥራ ሦስተኛዋ ወር! ሣጥኗም አለ፣ ቁልፏም አለ፣ የሚከፍት ግን የለም። ምንትዋብ ደረጃውን እየተሳበች ወጣች፤ አለቃዋ አቶ ደምረው ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።

«አቶ ደምረው፣ ይፈርሙልኝ። እርስዎ ካልፈረሙ ትእዛዙ አያስገባም፣ ትእዛዙ ካላስገባ ዟሪው አያመጣም፣ ዟሪው ካላመጣ መጥሪያው አይጠራም፣ መጥሪያው ካልጠራ እማማ አይገቡም።»

«አልፈርምም» አሉ አቶ ደምረው። «ያ ዟሪ የደሞዝ ክፍል ነው፤ እኛ ለምዝገባ ተዋስነው ነው። ባለፈው ስትነካኪው ደሞዝ ዘግይቶ ዘበኛው ሳይቀር ሰላምታ ነሳኝ። ሂጂና ወይዘሮ አጸደ ይፍቀዱ።»

ወይዘሮ አጸደ የደሞዝ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ቢሮአቸው በኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ምንትዋብ ጫማዋ እያመማት ሄደች።

«እትዬ አጸደ፣ ይፍቀዱልኝ። እርስዎ ካልፈቀዱ አቶ ደምረው አይፈርሙም፣ አቶ ደምረው ካልፈረሙ ትእዛዙ አያስገባም፣ ትእዛዙ ካላስገባ ዟሪው አያመጣም፣ ዟሪው ካላመጣ መጥሪያው አይጠራም፣ መጥሪያው ካልጠራ እማማ አይገቡም።»

«አልፈቅድም» አሉ ወይዘሮ አጸደ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። «ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። ደሞዝ የሌለው ደግሞ ወር አይባልም። በአሥራ ሁለት ስንኖር ምን ሆንን?»

ከዚህ ወዲያ ወዴት ይኬዳል? ምንትዋብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ለእማማ ብላ ብቻ አልነበረም፣ ለራሷም ነበር፤ ሲደክም እንዲህ ነው። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደ አግዳሚው ወረደችና ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«እጄን ያዥኝ» አሉ እማማ ትርንጎ። «እኔው ልለምናት።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃውን ወጡ፤ በየእርከኑም አረፉ። የደሞዝ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ምንትዋብ ያንኑ ከመጀመሪያው ጀመረች፦ «እርስዎ ካልፈቀዱ አቶ ደምረው አይፈርሙም፣ አቶ ደምረው ካልፈረሙ ትእዛዙ አያስገባም፣ ትእዛዙ ካላስገባ ዟሪው…»

«ነገርኩሽ እኮ! ጳጉሜ ወር አይደለችም!»

እማማ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ቆይ እስቲ። ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። ‹እማማ፣ ዝናብ መቶዎታል፣ ነጠላዎን ይጭመቁት› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ስሜን ጠይቀሽ የመዘገብሽኝስ?»

ወይዘሮ አጸደ እስክሪብቷቸው ከእጃቸው ወደቀ። እውነት ነው። በጳጉሜ ደሞዝ ስለማይሠራ የደሞዝ ክፍል ሰው ሥራ ይፈታል፤ የምዝገባ ሠራተኞች ደግሞ ለበዓል ፈቃድ ይወጣሉ። እንደየዓመቱ ሁሉ የደሞዝ ክፍል ሰዎች ወርደው የምዝገባው መስኮት ላይ ተቀምጠው ነበር። የእማማን ስም ጳጉሜ ሣጥን ውስጥ በገዛ እጃቸው ያስገቡት ወይዘሮ አጸደ ናቸው፣ ረስተውት እንጂ።

«እኔ ነኝ» አሉ በቀጭኑ። «እኔው ነኝ እማማ።»

«ታዲያ ልጄ፣ ጳጉሜ ወር ካልሆነች እኔና አንቺ የት ተገናኘን?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወይዘሮ አጸደ አፈሩ፤ ማፈራቸውንም አልደበቁም። ተነሥተው ወንበራቸውን ለእማማ ለቀቁ፣ ስልክ አንሥተውም አቶ ደምረውን «ይፈርሙላት፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አሏቸው።

ወይዘሮ አጸደ ፈቀዱ፣ አቶ ደምረው ፈረሙ። ምንትዋብ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጠችና አሥራ ሁለቱን ሰርዛ አሥራ ሦስት ጻፈች። ድካም ነው እንዲህ የሚያሠራው። ዟሪው ሮጦ ጳጉሜ ገባ፤ አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ አምስት አለ፣ ስድስት ብሎ እጁን ሲሰድ «ቁልፉ የለም!» ብሎ ተዘረረ። የሰበሰበውም ሁሉ ፈሰሰ።

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«በየወሩ ሠላሳ ቀን ቁጠር የተባልኩ ነኝ» አለ ዟሪው ከወደቀበት። «እዚህ አምስት ብቻ ነው ያለው። እኔ ምን ላድርግ?»

ምንትዋብ ሳቀች፤ ሳቋ ከለቅሶዋ አይሻልም ነበር። «ቁጥር ነው የፈጀን» አለችና አሥራ ሦስቱንም ሠላሳውንም ደመሰሰቻቸው። በምትካቸው እንዲህ ብላ አዘዘች፦ «አትቁጠር። ሣጥኑን ‹ምን ምን ቁልፍ አለህ?› ብለህ ጠይቀው። የነገረህን ሁሉ ክፈት፣ ያልነገረህን አትፈልግ። ውስጡ ሌላ ሣጥን ካገኘህ እሱንም እንደገና ጠይቀው።»

«ደሞዜን አይነካብኝም?» አሉ ከኋላዋ የቆሙት ወይዘሮ አጸደ።

«የእርስዎ ሣጥን ጳጉሜ የሚል ቁልፍ የለውም። ዟሪው ይጠይቀዋል፣ የለኝም ይለዋል፣ አልፎ ይሄዳል።»

ዓመቱ ወሮቹን ነገረ፣ ወሩ ቀኖቹን ነገረ፣ ቀኑ ስሞቹን ነገረ። ወይዘሮ አጸደ ፈቅደዋል፣ አቶ ደምረው ፈርመዋል፣ ትእዛዙ አስገባ፣ ዟሪው አመጣ፣ መጥሪያውም ጠራ።

«አባተ ውብሸት» አለ መጥሪያው። አቤት ያለ የለም። «ዘርፌ ካሣዬ» አለ። እሷም የለችም። «ከልካይ መንገሻ።» ከአግዳሚው የተነሣ የለም።

«እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ?» አሉ እማማ።

«የጳጉሜ ሰዎች ናቸው እማማ። ጠብቀው ጠብቀው ታክቷቸው ሄደዋል።»

«እኔም ዛሬ ልሄድ ነበር» አሉ እማማ ትርንጎ ቀስ ብለው።

«ትርንጎ እሸቴ» አለ መጥሪያው።

«አቤት!» አሉ፤ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ሰሙ። ነርሷ መጥታ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፣ በሩም ተዘጋ።

ምንትዋብ ቦርሳዋን አነሣች፤ ወደ ቤቷ መሄጃዋ ነበር። ዟሪው ግን ከየስሙ ጋር የስልክ ቁጥሩን አምጥቶ ስክሪኑ ላይ ደርድሮታል፤ ሐኪሞቹም እስከ ማታ አሉ። ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ወይዘሮ አጸደም አጠገቧ ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡ።

«ሃሎ፣ አቶ አባተ ነዎት? ከሆስፒታል ነው። ይቅርታ ዘገየን፤ ይድረሱ፣ ተራዎ ነው።»

ዙሬ ሞላ፣ ቃሌ አለቀ። እናንተ ተነሡ፤ እኔ እዚሁ ጋደም ልበል።