ይመናሹ አልቀመጥበትም ያለችው ወንበር

ይመናሹ ታናሽ እህቷን አስካለን በደለቻት። ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ቅናት ነው። እናታቸው ስትሞት «ጃንጥላዬን ለአስክዬ» ብላ ነበር። ጃንጥላው ግን ከሟች ዕቃ ጋር ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ፤ አስካለም በጠራራ ፀሐይ ገበያ ትመላለሳለች።

«ሳጥን፣ ጃንጥላዬን ስጠኝ» አለችው።

«ቁልፍ ሳይነካኝ አልሰጥም።»

«ቁልፍ፣ ሳጥን ክፈት፤ ሳጥን ጃንጥላ አልሰጥም አለኝ።»

«አልከፍትም። ጋሽ ወልደየስ አንገት ላይ ተንጠልጥዬ ወዴት ልሂድ?»

ጋሽ ወልደየስ የሟች ኑዛዜ አስፈጻሚ ናቸው። ቁልፉንም የታሸገውን ኑዛዜም በአደራ ተቀብለው ማንኪያ እንኳ ከቤቱ አያስወጡም።

«ጋሽዬ፣ ቁልፉን ያውርዱልኝ፤ ቁልፍ ሳጥን አልከፍትም፣ ሳጥን ጃንጥላ አልሰጥም አለኝ።»

«ኑዛዜው ሳይነበብ አላወርድም፣ ልጄ። አሳዘንሽኝ ብዬ አደራ አልበላም።»

«ኑዛዜ፣ ተነበብ፤ ጋሽዬ ቁልፍ አላወርድም አሉ፣ ቁልፍ ሳጥን አልከፍትም፣ ሳጥን ጃንጥላ አልሰጥም አለኝ።»

«ወራሾች ሁሉ ሳይቀመጡ አልነበብም። ይመናሹ የታለች?»

ይመናሹ ቤቷ ነበረች፣ ስትብሰለሰል።

«እትዬ፣ ነይ ተቀመጪ፤ ኑዛዜ አልነበብም አለ፣ ጋሽዬ ቁልፍ አላወርድም አሉ፣ ቁልፍ ሳጥን አልከፍትም፣ ሳጥን ጃንጥላ አልሰጥም አለኝ።»

«አልቀመጥም። እናቴ እኔን ይመናሹ፣ አንቺን አስክዬ ስትል ኖረች። ዕድሜ ልክሽን ተሞላቀቅሽ፤ አሁን ደግሞ ፀሐይ ይብላሽ።» በሩንም ዘጋችባት።

አስካለ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ለታላቅ ልጅ የተዘጋጀው ባለመደገፊያ ወንበር ባዶውን ቆሟል።

«ወንበር፣ እህቴን አምጣልኝ፤ እትዬ አልቀመጥም አለች፣ ኑዛዜ አልነበብም አለ፣ ጋሽዬ ቁልፍ አላወርድም አሉ፣ ቁልፍ ሳጥን አልከፍትም፣ ሳጥን ጃንጥላ አልሰጥም አለኝ።»

ወንበር ሳቀ። «በባዶ ወንበር ማን ይቀናል? አንቺ ተቀመጪብኝና በሩን እዪ።»

አስካለ ቁጭ አለች፤ እግሯንም አነባበረች። የጎረቤት ምላስ ከእግር ይቀድማልና ወሬው ወዲያው ደረሰ፤ ይመናሹም ነጠላዋን በቅጡ ሳትለብስ ከች አለች።

«ተነሺ ከቦታዬ» ብላ ተቀመጠች።

ይመናሹ ስትቀመጥ ኑዛዜ ተነበበ፣ ኑዛዜ ሲነበብ ጋሽዬ ቁልፍ አወረዱ፣ ቁልፍ ሲወርድ ሳጥን ተከፈተ፣ ሳጥን ሲከፈት ጃንጥላ ወጣ። በኑዛዜው ቤቱ ለሁለቱም እኩል ነበር፤ የይመናሹ ዓይን ግን ከጃንጥላው አልነቀል አለ።

«ደስ ይበልሽ እንግዲህ» አለች።

አስካለ ጃንጥላዋን ዘረጋችና እንዲህ አለቻት፦ «እትዬ፣ ቅናትሽ እያስሮጠ ባያመጣሽ ፀሐይ ላይ እቀር ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»