የገዳይ እናትና የመሳያው ድንጋይ

ተረት ተረት!

ንገሪን እሳቱ ፊት!

ጠጋ በሉ። ዛሬ ድምፄ አይጎላም፤ ቀኑን ሙሉ ሳጎነብስ ውዬ ወገቤ ተቆርጧል።

በድሮ ዘመን ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከገደሉ ሆድ መሳያ ድንጋይ ፈልፍሎ ያወጣ ነበር። ተራ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። በሻካራ ድንጋዮች መሀል እንደ ቂጣ ስስ ሆኖ የተኛ፣ አመድማ፣ ሲዳስሱት እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚለሰልስ ነው። ቢላው መጀመሪያ በወንዝ ድንጋይ ይሳላል። ከዚያም በዚህኛው ላይ ውሃ ጠብ ይደረግና ቀስ ተብሎ ይታሻል። ያን ጊዜ ስለቱ እንደ ምንጭ ውሃ ይጠራል። አንድ ቀን ታዲያ ገደሉ ተናደና ባልየው እዚያው ቀረ። ለዘርፌ አንድ ድንጋይና አንዳርጌ የሚባል ወንድ ልጅ ተረፋት። የአገሩን ቢላና መጥረቢያ እየሳለች አሳደገችው።

አንዳርጌም ጎረመሰና ከማዶ መንደር ልጅ ጋር በድንበር ተጣላ። በዱላ መታውና ልጁ ሞተ። አንዳርጌም እናቱን እንኳ ሳይሰናበት ወደ ቆላ ጠፋ።

ሟቹ ቢምረው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። መኸሩ እንደገባ ቢምረው ቢላ ይዞ መጣና ከዘርፌ ደጅ ቆመ።

፦ «እማማ፣ ይህን ይሳሉልኝ።»

፦ «ምን ልታርድበት?»

፦ «ልጅዎን።»

ዘርፌ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

፦ «ሂድ ከደጄ!»

፦ «እሄዳለሁ። በዶልዷማውም ቢሆን አልምረውም» አላት።

ዘርፌ ቢላውን አየችው። ዝጓል፣ ተሸራርፏል። በዚህ ሲገዘገዝ ልጇ የሚሆነውን አሰበች። አሰበችና፦ «አምጣው» አለችው። ተንበርክካም ሳለችለት።

ቢምረው ቆላ ወረደ። ፈለገና አጣ። በዓመቱ መኸር ሲገባ እንደገና መጣ። ቢላው በላብና በዝናብ ዝጎ ነበር። ዘርፌም እንደገና ሳለችለት። እንዲህ እያለ ዓመት ዓመትን ተካ። የሚገርማችሁ፣ መኸር ሲደርስ ዘርፌ መንገድ መንገዱን ማየት ጀመረች። ቢምረው ቢላውን ይዞ ከመጣ ልጇ አልተገኘም ማለት ነዋ! ሌላ ወሬ የሚነግራት ማን አለ?

አንድ መኸር ቢምረው መጣና መቆም አቃተው፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጺሙ ሸብቷል። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ሚስት አላገባ፣ ጎጆ አልቀለሰ።

፦ «ደከመኝ፣ እማማ።»

፦ «ታዲያ ለምን አትተወውም?»

፦ «እናቴ አለች። ስመለስ እጄ ደም እንዳልነካው ታይና ፊቷን ታዞራለች። እኔ የልጅዎን መልክ እንኳ ረስቼዋለሁ። መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም።»

ዘርፌ ቢላውን ተቀብላ ሳለችው። ከድንጋዩ ስስ ጭቃ ወጣ፤ በመዳፏ ጠረገችው። ስትጨርስ ቢላውን አልመለሰችለትም፤ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

፦ «ምን ሊያደርጉት ነው?»

፦ «ዘንድሮ ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ። አንተ እዚህ ተኛ።»

ሄደች። ወንዙን ተሻገረች። ዳገቱንም እያረፈች፣ እየተነሣች ወጣች። የቢምረው እናት አምሳል ትባላለች። ጥቁር ለብሳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። የልጄ ደም ሳይመለስ አልላጭም፣ አልታጠብም ብላ ምላለችና ፀጉሯ ተቋጥሮ ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

፦ «ማነሽ?»

፦ «የአንዳርጌ እናት ነኝ።»

አምሳል ልትነሣ ስትል ዘርፌ ቢላውን ፈታችና ጭኗ ላይ አኖረችላት።

፦ «ይኸው። በኔ እጅ ሲሳል የኖረው ይኸ ነው። ከዚህ በላይ አይሳልም። ልጅሽን አታድክሚው፤ በልጄ ፈንታ እኔ አለሁልሽ።»

አምሳል ስለቱን በአውራ ጣቷ ነካችው። ደም ጠብ አለ። ደሙን አየችው፣ አየችውና፦

፦ «ልጅሽ በሕይወት አለ?» አለች።

፦ «አላውቅም። ከጠፋ ጀምሮ አላየሁትም።»

፦ «እኔስ የልጄን መቃብር አያለሁ።»

ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ነበረች። አምሳል ቢላውን መልሳ ሰጠቻት።

፦ «የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ራሴ ከብዶኛል» አለች። አንገቷን ዘንበል አደረገችና፦ «ላጪኝ» አለቻት።

ዘርፌ ላጨቻት። አልቸኮለችም። ፀጉሩ እየተቆረጠ መሬት ወደቀ።

ቢምረው ግን እንቅልፍ ከየት ይምጣለት? ተከትሏት መጣ። ከሩቅ ሲያይ ሁለቱ ሴቶች ግድግዳው ሥር ወድቀዋል፤ ቢላው አጠገባቸው ነው። ሮጠ። ደርሶ ቢያይ ሁለቱም ያንኮራፋሉ። የእናቱ የተላጨ ራስ ከዘርፌ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሏል። አልቀሰቀሳቸውም። ሲነሡ ይርባቸዋል ብሎ ቤት ገባና ንፍሮ ጣደ።

እርቁ በሽማግሌ ፊት ተፈጸመ። አንዳርጌ እንዲመለስም ወደ ቆላ መልእክት ተላከ። መጣ ወይ? ትሉኝ ይሆናል። አልመጣም። ቢምረው ግን በየመኸሩ ወደ ቆላ መውረዱን አልተወም። ቢላ አይዝም። ለዘርፌ ልጇን ሊፈልግላት ነው። ስንቁንም አምሳል ትቋጥርለት ነበር።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ፤ ከቂጣው ቁረሱልኝ፣ ሳልተኛ አጉርሱኝ።