ሐጂ በሽርና የጉድጓዱ ገመድ

ከተማዋ አሮጌ ናት። ስሟን አትጠይቁኝ፤ ታሪኩን ያወሩኝ ሸኽም አልነገሩኝም። መስጂዷ ከገበያው በላይ ነው፣ ግቢው ውስጥም ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አለ። በዚያች ከተማ ሐጂ በሽር የሚባሉ ገመድ ሠሪ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ያረጁት ቃጫ ሲገምዱ ነው፤ መዳፋቸው እንደ ቁርበት ደርቆ ነበር።

ሐጂ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲመለሱ፣ ቃጫውን ከመንካታቸው በፊት፣ በራቸው ላይ ቆም ይሉና የዕለቱን ኒያ፣ የልባቸውን ውጥን፣ ይነይታሉ። ረጅም ነገር አይደለም። አንድ ቀን «ያ አላህ፣ ዛሬ የምሠራው ላንተ ብዬ ነው» ይላሉ። ሌላ ቀን «ዛሬ ምላሴን ልይዝ ነይቻለሁ» ይላሉ። ለአንድ ቀን አንድ ኒያ፣ በቃ። ረመዳን በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ ሰው እሆናለሁ» ብሎ በሦስተኛው ቀን የሚረሳውን እንደኔ ያለውን ሰው ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር አላህ ይወቀው።

ከተማዋም የራሷ ልማድ ነበራት። በየዓመቱ በሻዕባን ወር፣ ረመዳን ሳይገባ፣ የመስጂዱ ጉድጓድ ይጠረጋል። አንድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርድና ከሥር የተጠራቀመውን ጭቃ እየዛቀ ያወጣል። ጾመኛው የሚያፈጥረው በዚያ ውኃ ነውና ሥራው አይታለፍም። የሚወርደው ሙስባህ የሚባል የአራት ልጆች አባት ነው። ገመዱን ደግሞ ሐጂ በሽር ራሳቸው ገምደው ለመስጂዱ ሶደቃ ይሰጣሉ።

ያን ዓመትም አዲስ ገመድ ሰጡ። የጽዳቱ ዕለት ጧት ሰጋጁ ጀማዓ ግቢውን ሞላው። ሙስባህ ልብሱን ሰብስቦ ሊታሰር ሲቀርብ ኢማሙ እጃቸውን አነሡና ለሐጂ ዱዓ አደረጉ። «ኢኽላስ፣ ሥራን ለአላህ ብቻ ማድረግ፣ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ይህን ገመድ ይይ» አሉ። ሕዝቡ «አሚን!» አለ።

ሐጂ በሽር ግን አሚን አላሉም። ፊታቸው ጥቁር አለ። ቀስ ብለው ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄዱና ገመዱን ያዙት።

«ቆይ ልጄ፣ አትውረድ» አሉት ሙስባህን።

«ምነው ሐጂ? አመመዎት እንዴ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። ያላመንኩት ገመዱን ነው።»

ሐጂም ድምፃቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። «ማክሰኞ ጧት ላላህ ብዬ ነይቼ ጀመርኩ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ግን ኢማሙ በሰው ፊት ስሜን ሲያነሡ፣ ሰው ሲያደንቀኝ ይታየኝ ጀመር። እጄ ይገምዳል፣ ልቤ እዚህ ግቢ ውስጥ ምስጋና ይቀበላል። ያን ከሰዓት ከየትኛው ክምር ቃጫ እንዳነሣሁ አላውቅም። ረስቼውም ነበር። አሁን ያን ያለምኩትን ምስጋና በጆሮዬ ስሰማው ደነገጥኩ።»

አስቡት እንግዲህ። ዕድሜ ልካቸውን ተከብረው የኖሩ ሰው ናቸው። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር?

ሸምሱ የሚባል የጨው ነጋዴ ተቆጣ። «ኧረ ሐጂ! ረመዳን እኮ አራት ቀን ነው የቀረው። ደመናውን አያዩትም? ዝናቡ ከጣለ ጉድጓዱ ሳይጠረግ መቅረቱ ነው። ደግሞስ ገመድ የሚጠነክረው በቃጫ ነው እንጂ በኒያ ነው እንዴ?»

ሰው ሳቀ። «እንሞክረው» ተባለ። ከሙስባህ የሚከብድ ድንጋይ አስረው አወረዱ፤ በደኅና ወጣ። ደገሙት፤ አሁንም በደኅና ወጣ። ገመዱ ምንም አልሆነም።

«ይኸው!» አለ ሸምሱ። «ድንጋዩ ምን ሆነ?»

«ድንጋዩ ልጅ የለውም» አሉ ሐጂ። «ሙስባህ አራት አለው።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሐጂ በቀን ስንት ክንድ እንደሚገምዱ ያውቃሉና፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ገመዱን በክንድ እየለኩ የማክሰኞውን ሥራ ፈለጉ። ቢላ አስመጡና እዚያው ቆረጡት፣ ፍትሉንም ፈቱት። ከላይ ደኅናው ቃጫ ሸፍኖታል፤ ከውስጡ ግን ለፍየል ማሰሪያ ብለው ለብቻ ያስቀመጡት፣ ዝናብ የመታው የሻገተ ቃጫ ወጣ። በሁለት ጣታቸው ቢስቡት ብጥስ አለ። ሙስባህ አየውና ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠ። ሸምሱም ጎንበስ ብሎ «አውፍ በሉኝ ሐጂ፣ ይቅር በሉኝ» አለ።

«እኔ ነኝ እንጂ አውፍ የምባለው» አሉና ገመዱን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማስተካከሉ ሦስት ቀን ፈጀ። በደጃቸው ያለፈ ሁሉ አንድ አዲስ ነገር አየ። ሐጂ አሁን የሚነይቱት ጧት ብቻ አልነበረም። ከዙህር ሲመለሱ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ከዐስር ሶላት ሲመለሱም ይቆማሉ። አንዳንዴም መሐል ላይ ድንገት ቃጫውን ጥለው ይነሡና እንደገና ነይተው ይቀመጣሉ። ዝናቡም በአላህ ራሕመት ሳይጥል ቆየ። በረመዳን ዋዜማ ሙስባህ ወረደ፣ ጉድጓዱን ጠረገ፣ እስከ አንገቱ ጭቃ ለብሶ ወጣ። ታጥቦ ሲያበቃ ሐጂ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«ሐጂ፣ እንዲያው ልጠይቅዎት» አለ። «ማክሰኞም እኮ ጧት ላላህ ብለው ነይተው ነበር። የጧቱ ኒያ እስከ ማታ አያደርስም እንዴ?»

«ኒያ ለሶላት እንደምንታጠበው ውዱእ ነው ልጄ» አሉት። «ይፈርሳል። በፈረሰ ቁጥር ተነሥቶ ማደስ ነው።»

ጀማዓ ሆይ፣ እኛ ጧት ላይ ማን ይችለናል! ዕቅዳችንን እንጽፋለን፣ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ በስልካችን ደወል እንሞላለን። ጉዳችን የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው። ውዱኡ የፈረሰበት ሰው «እኔ ለሶላት አልሆንም» ብሎ አይቀርም፤ ውኃ ይፈልጋል። ኒያችን ሲፈርስ ግን ወይ እንዳልፈረሰ ሆነን እንቀጥላለን፣ ወይ ተስፋ ቆርጠን ቀኑን እንዳለ እንጥለዋለን። ሸይጧን በሁለቱም ደስ ይለዋል። ሐጂ በሽር የሚለዩን ልባቸው ስለማይሸፍት አይደለም፤ እንደሸፈተ ሲያውቁ ሰው ፊትም ቢሆን ስለሚነሡ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔም ይህን ስጽፍ ነይቼ ነበር የጀመርኩት። ድንጋዩ ልጅ የለውም ያሉት ጋ ስደርስ «ይህችን ሰው ይወድልኛል» የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ። የቀረውን የጻፍኩት ተመልሼ ነው፤ አላህ ይቀበለን።