ሽቦ የማይገባበት ሳሎን

ጡረታ ከወጡ በኋላም «ክቡር ዳይሬክተር» ካልተባሉ አቤት የማይሉት አቶ ልሳነወርቅ፣ ቤታቸው ኢንተርኔት ሊያስገቡ ቴክኒሻን አስጠሩ። ቴክኒሻኑ የስልኩን ሽቦ ከምሰሶው እስከ ግቢው ሳበና ራውተሩ ሳሎን እንዲቀመጥ ከተፈለገ በእብነ በረድ የተለበጠውን ግድግዳ በትንሹ መብሳት እንዳለበት ነገራቸው።

«እብነ በረዴን አትነካም» አሉ። በመስኮት ይግባ ቢላቸው አቧራ ይከተለዋል አሉ። በበር ሥር ቢላቸው እንግዳ ይደናቀፋል አሉ። በኮርኒስ ቢላቸው ኮርኒሱ ገና መቀባቱ ነው አሉ። ቴክኒሻኑ ሽቦውን ጠቅልሎ ሊሄድ ተነሣ።

ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣው አጣቢ ይህን ሁሉ ሰምታ ፈገግ ስትል አዩዋት።

«ከሳቅሽማ መላ አለሽ ማለት ነው» አሏት። «እንግዲያው ግድግዳዬ ሳይበሳ፣ በበርም በመስኮትም በኮርኒስም ሽቦ ሳይገባ ኢንተርኔት እንዳገኝ አድርጊ። ካልቻልሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ።»

ሴትዮዋ ሌላ ሥራ አልነበራትም። እጇን በቀሚሷ አደራረቀች፤ ከበረንዳው አንድ ወንበር አንስታ ከግቢው በር ውጭ፣ ምሰሶው ሥር አስቀመጠችና በአክብሮት እጅ ነሳች።

«ይቀመጡ፣ ክቡር ዳይሬክተር» አለች። «ሽቦው እንዳይገባ ከለከሉ እንጂ፣ እርስዎ እንዳይወጡ የከለከለ የለም።»

አቶ ልሳነወርቅ ወንበሩን አዩ፤ በመንገዱ የሚያልፈውንም ሰው አዩ። ከዚያ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረው፣ «በየት በኩል ነው እበሳለሁ ያልከው?» አሉት።