ለዐይነ ስውር ሚስት የተተከለ አበባ

ሚስቱን አብዝቶ የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን ዘልዬው አይደለም። «እናቴን ከገጠር አምጥቼ ፎቅ ላይ አስቀመጥኳት፤ ሠራተኛ ቀጠርኩላት፤ ሰው ሁሉ ይመርቀኛል፤ እሷ ግን አገሬ መልሰኝ ትለኛለች፤ ምን ጎደለባት?» ነው ያልከኝ። እመጣበታለሁ። አንተ እኔ ዘንድ ፊደል ከምትቆጥርበት ጊዜ ጀምሮ መቸኮል ትወዳለህ።

የዚያ ሰው ሚስት ታመመችና ሁለቱም ዐይኗ ጠፋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣ አለች። ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች፤ ድምፅዋ ሳይቀር እያነሰ ሄደ። ሰውየው እንዲህ እንዳለች ቀልጣ የምታልቅበት መስሎት ፈራ። ስለዚህ ደስ ይበላት ብሎ ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ድረስ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ አበባ ተከለ። አጫጭሩን ከፊት፣ ረጃጅሙን ከኋላ፣ ቀዩን ከነጩ፣ ቢጫውን ከሐምራዊው እያሰባጠረ፤ በየመሐሉም ጽጌረዳ። ክረምቱ አልፎ ሲፈነዳ መንገደኛ ሁሉ እየቆመ «እንዲህ ነው እንጂ ሚስት መውደድ» ይል ጀመር።

ሰውየውም እየገባ ቀለሙን ይነግራታል። «ዛሬ ቀዩ ፈነዳ፤ ነጩም ሊከተል ነው» ይላታል። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። አንድ ቀን ደስ ልታሰኘው ብላ ብቻዋን ወጣች። ሁለት ርምጃ ሄዳ እጇን ብትዘረጋ ጽጌረዳው ወጋት። ጣቷን በሻሿ ጠቅልላ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለክፉ ባል ነው። ይህ ክፉ አልነበረም። ግን ማታ ሻሿ ላይ ደም እስኪያይ ድረስ አበባውን የተከለው ለማን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ ጉሙ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ያንን ሻሽ ወስዶ ዐይኑን አሰረበትና ከአጥሩ በር ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ። ሠላሳ ርምጃ የማይሞላው ግቢ የአንድ አገር ያህል ሰፋበት። ቤቱ ወዴት እንደሆነ ጠፋው። ንብ ይሰማዋል፤ ከሩቅ ስሙ የተጠራ ይመስለዋል፤ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። በሕልም እንደሚሄድ ሰው እግሩ መሬት አልነካ አለው። ያ ሁሉ አበባ ግራና ቀኝ ቆሞ አንዱም «እዚህ ነህ» አላለውም። ተቀምጦ ሊያለቅስ ጥቂት ሲቀረው እግሩ አንድ ነገር ረገጠ፤ ሽታው ተነሣ። ናና ነው። አበባውን ሲተክል አርሞ የጣለው ናና፣ መተላለፊያው ከሚታጠፍበት ከቧንቧው ሥር ተመልሶ በቅሎ ኖሯል። «ቧንቧው ጋ ነኝ» አለ ሰውየው፤ ያን ጊዜ ቤቱ ወደ ቦታው ተመለሰለት።

በዚያው ሳምንት ጽጌረዳውን ነቅሎ እጅ ወደማይደርስበት ወደ አጥሩ ጥግ አዛወረው። በአጥሩ በር ጠጅ ሳር ተከለ፤ ናናውን ከቧንቧው ዘንድ ተወው፤ ከመሐል በሶብላ፣ ከደጃፉ ጤና አዳም አደረገ። ሽታ የሌለውንም አበባ ለንቦቹ ብሎ ጥቂት አስቀረ። መንገደኛው መቆሙን ተወ። ጎረቤቱም «ምነው ግቢህን የቅመም መደብ አደረግኸው?» ብሎ ሳቀበት፤ እሱ ግን መኮትኮቱን ቀጠለ።

ተክሉ ሲጠና ሚስቱን ከደጃፉ አቆማትና እጇን ለቀቀ። መልቀቁ ከመትከሉ ይልቅ ከበደው። እሷ ጎንበስ ብላ ጤና አዳሙን ዳሰሰች፤ ጣቷን አሸተተች፤ ሄደች። በሶብላው ጋ ጥቂት ቆመች። ቧንቧው ጋ ስትደርስ እጇን እንኳ ሳትዘረጋ ታጠፈች። የአጥሩን በር ራሷ ከፍታ መንገዱ ላይ ወጣችና፣ በዚያ በድሮው ድምፅዋ፣ ጎረቤቷን «እንደምን አደርሽ?» ብላ ጠራቻት።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም የተከልከው መንገደኛ የሚያየውን ነው፤ የመረቀህም መንገደኛው ነው። እንደምትወዳት አውቃለሁ፤ ባትወዳት ኖሮ ይህን ሁሉ መንገድ ልትጠይቀኝ አትመጣም ነበር። ምን እንደጎደለባት ግን እኔም አላውቅም። ነገ ሥራ አትግባ። እናትህን እህትህ ቤት አድርሳትና ክፍሏ ግባ፤ እሷ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ እስኪመሽ ተቀመጥ። ስልክህን ውጭ ተወው፤ ሠራተኛዋም ምግብ አቅርባልህ ትውጣ፤ አታነጋግርህ። ከመሸ በኋላ ምን እንደጎደለባት አንተ መጥተህ ትነግረኛለህ።